መርዶ በኩሉቢ መንገድ

ቱሪያ መርዶ አታውቅበትም። እሷ ባደገችበት ቤት ሰው ሲሞት ወዲያው ይነገራል፣ ወዲያው ይታጠባል፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይቀበራል። የክርስቲያን ጎረቤቶቿን ሥርዓት፣ ሽማግሌ ሰብስቦ፣ ለቀናት ደብቆ፣ ሊነጋጋ ሲል በር አንኳኩቶ «እስኪ ተቀመጪ፣ እስኪ ውሃ ጠጪ» እያሉ ዙሪያ ጥምጥም መሄዱን፣ ሰውን በቁሙ እንደ ማሠቃየት ትቆጥረው ነበር። ስለዚህ ልጇ መሐሙድ ከጅቡቲ ወደብ ከኦቦክ ደውሎ የሆነውን ሲነግራት ስልኩን ዘጋች፣ እጇን በሽርጧ ጠረገች፣ ግቢውን አቋርጣ ኒም ዛፏ ሥር ልብስ ወደምታሰጣው ወደ ጎረቤቷ ወደ ዘነበች ሄደች።

«ዘኑ፣ ጀልባዋ ተገልብጣለች» አለቻት። «መሐሙድ ወጥቷል። ግሩም አልወጣም። ውሃው ዳር ሲያወጣው ራሱ መሐሙድ ቀብሮታል።»

ዘነበች በእጇ የያዘችውን አንሶላ ገመዱ ላይ ጣለችው፣ ዳርና ዳሩን አስተካከለችው፣ መቆንጠጫ ሰካችበት። ከዚያ ዞረች።

«ማተቡስ?»

«አልፈታሁትም ነው ያለው። እንደታሰረ ነው ያስገባሁት አለ። የሚያውቀውን ዱዓ አድርጎለታል። ወላሂ፣ ከዚህ ሌላ የማውቀው የለም።»

ቱሪያ ጩኸቱን ጠበቀች። በዚያ ግቢ ሰው በሞተ ቁጥር «ለሞተ መጮህ ሐራም ነው፤ እናንተ ሬሳውን ታስደነግጡታላችሁ» እያለች ሴቶቹን ስትቆጣ የኖረች ሴት ናት። ያን ቀን ግን ዘነበች ብትጮህላት ደስ ባላት ነበር። ዘነበች አልጮኸችም። ከባልዲው ሌላ ልብስ አወጣች፣ የልጇ የግሩም ሸሚዝ ሆኖ አገኘችው፣ እሱንም አሰጣችው።

ሁለቱ ልጆች ያደጉት እዚያው ግቢ ነው። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ዱሮ ለባቡር ሠራተኞች ተብሎ የተሠራ፣ በኋላ ለአራት ቤተሰብ የተሸነሸነ ቤት ነው፤ የዘነበች አባት የባቡር ሰው ስለነበሩ አንዷ ክፍልና ጓዳዋ ለእሷ ደረሷት። ባሏ ገና በወጣትነቷ ሞተባት። ግሩም አድጎ ኢንዱስትሪ ፓርክ ገብቶ ልብስ ሲሰፋ ቆየ፤ መሐሙድ ባጃጅ ነዳ። አንድ ቀን ሁለቱም በቃን አሉና በጅቡቲ በኩል ባሕር ሊሻገሩ ተነሡ። ዘነበች መከረች፣ ተቆጣች፣ ጫማውን ደበቀች። በመጨረሻ እሷው ሻንጣውን አዘጋጀችለት።

በሄደ ማግሥት ተሳለች። «ገብርኤልዬ፣ ባሕሩን ብቻ አሻግርልኝ፤ ጥላ ይዤ ከድሬ ኩሉቢ በእግሬ እመጣለሁ» አለች። ሳምንት ሳይሞላ ደላላው ደወለ፣ «ልጆቹ ተሻግረዋል፣ እንኳን ደስ ያለሽ» አላት። ደላላ ይህን የሚለው አይቶ አይደለም፤ እንዲህ ማለት ልማዱ ነው። ዘነበች ግን ግቢው መሀል ቆማ እልል አለች። ባለ ወርቃማ ዘርፍ ቀይ የቤተ ክርስቲያን ጥላ ገዛች። የገብርኤል ማኅበሯ ሙሴ፣ ሰብሳቢው አቶ ወልደ ማርያም፣ ቤቷ ድረስ መጥተው «ዘንድሮ ከኛ ጋር ትሄጂያለሽ» አሏት።

እውነቱን ለመናገር ማኅበሩ ከዚያ በፊት አብራን ትሂድ ብሎ አያውቅም። ዘነበች ተራዋ ሲደርስ ትዘክራለች፣ ጸበል ጸዲቁን ታቀርባለች፣ ጠጥታ ትነሣለች፤ ጨዋታ የላትም። ሰው ሊቀርባት ሲል የሆነ ነገር ተናግራ ታርቀዋለች፣ ከዚያ ደግሞ ማንም አይጠይቀኝም ብላ ታለቅሳለች። ከማኅበርተኛዋ ከኪዳነ ምሕረት ጋር በቦኖ ውሃ ወረፋ ከተጣሉ በኋላ ዓመታት አልፈዋል፤ አንድ ጽዋ ሲዞር እንኳ ዓይን ለዓይን አይተያዩም ነበር።

«አትጮሂም?» አለች ቱሪያ ኒሙ ሥር።

«አልጮህም። አንቺም ለማንም እንዳትነግሪ። በልጅሽ በወጣው ይዤሻለሁ።»

«እስከ መቼ ነው?»

«ኩሉቢ ደርሼ እስክመለስ።»

ለቱሪያ አልገባትም። ለዘነበችም ቢሆን ጥርት ብሎ አልገባትም። የገባት ይህ ብቻ ነው፦ አንዴ ከጮኸች ድንኳን ይተከላል፣ ፍራሽ ይነጠፋል፣ ሴቶች ክንድና ክንዷን ይዘው ያስቀምጧታል፣ ጥላው ግድግዳ ተደግፎ ይቀራል። ከዚያ ድንኳኑ ይነሣል፣ ሰው ይበተናል፣ እሷ ከዚያች ክፍል ጋር ትቀራለች። ከዚያ በፊት በእግሯ ሄዳ የገብርኤል ፊት መቆም አለባት። ምን ብላ እንደምትጠይቀው አላወቀችም፤ መጠየቅ እንዳለባት ግን አወቀች። ማንም መርዶ ሳይነግራት፣ እሷም ሳትሰበር፣ ከዚያ ደጅ መድረስ። ሌላ የምትፈልገው አልነበራትም።

ምሥጢሩ ግን አላደረም። የቱሪያ ባል ዒጋል አልማለም፤ ማንም አላስማለውም። በማግሥቱ አቶ ወልደ ማርያም ሱቁ ሲገቡ የልጁን መትረፍና የግሩምን መሞት በአንድ ትንፋሽ ነገራቸው። ሽማግሌው በርጩማ ላይ ቁጭ አሉ። ከሰዓት በኋላ ቱሪያን ከግቢው ውጪ አስጠርተው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ለመኗት።

ማታ ቱሪያ የዘነበችን በር ገፍታ ገባች።

«አንቺ ለነሱ እንዳልነግር አስማልሽኝ። አሁን ሙሴያችሁ መጥተው ለአንቺ እንዳልነግር አስማሉኝ። ስለቷን ታግባ፣ ከንግሡ መልስ ሰብሰብ ብለን ጠዋት እናረዳታለን አሉኝ። አቦ ዘኑ፣ እኔ እኮ ያለኝ አንድ አፍ ነው።»

«ምን አልሻቸው?»

«እሺ ነዋ። ሽማግሌ ኮፍያ አውልቆ ሲለምን ምን ይባላል?»

ዘነበች ሳቅ መጣባት። ልጇ ከሞተ ወዲህ ፊቷ ሲፈታ ያ የመጀመሪያው ነበር፤ ወዲያው አፏን በነጠላዋ ያዘች። ቱሪያም አጠገቧ ተቀምጣ ራሷን ነቀነቀች። 

ታኅሣሥ አሥራ ሰባት ጠዋት ማኅበርተኞቹ ነጭ ለብሰው መነሻቸው ላይ ሲሰበሰቡ ዘነበች ጥላውን በላስቲክ ጠቅልላ፣ በጀርባዋ በነጠላ አሥራ ደረሰች። ሁሉም በአንድ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመሩ። አንዱ ውሃዋን ተቀበላት፣ አንዷ ስንቋን ተሸከመችላት፣ ሌላው ጫማዋ እንደሚመቻት ጠየቃት። ለአንድ ሰው ይህን ያህል ደግነት በአንድ ጠዋት ከበዛበት፣ ወይ ታሟል ወይ ሞቶበታል። ማኅበርተኞቹ ለመደበቅ ተማምለው መደበቁን ግን አያውቁበትም ነበር።

ከሁሉ የባሰችው ዲና ናት። መድኃኒት ቤት የምትሠራ፣ ቀጠን ያለች ፈጣን ልጅ ናት፤ ከዘነበች ጎን እንዳትለይ ታዝዛለች። ገና ከተማውን ሳይወጡ «እትዬ ዘነበች፣ ስልክዎን ይስጡኝ፣ እኔ ልያዝልዎ፤ መንገድ ላይ ባትሪ ይጨርሳል» አለች። ከድሬ የሚደውል ሰው እንዳያረዳት ነው። ዘነበች ገባት። በስልኩ ውስጥ ግሩም ከመሳፈሩ በፊት የላከው ድምፅ አለ፤ «እማ፣ ባሕሩ ጸጥ ብሏል፣ አታስቢ» የሚል። ሌሊቱን ጆሮዋ ላይ ለጥፋው ነበር ያደረችው። አልሰጥም ብትል ለምን ትባላለች። ሰጠቻት። ዲና ስልኩን አጥፍታ ቦርሳዋ ሥር ስትከተው ዘነበች ወደ ሌላ ዞረች።

የደንገጎን ዳገት ሲወጡ ፀሐዩ በረታ። ከባድ መኪናዎች እያቃሰቱ ያልፏቸዋል፤ ዝንጀሮዎች ከመንገዱ ጠርዝ ተቀምጠው ተጓዡን ይታዘባሉ። ሌላ ማኅበር መዝሙር እያሰማ አለፋቸው። የእነሱ ሙሴ ግን መዝሙር የመረጡት ተጠንቅቀው ነው፤ ሞት ያለበትን አስቀርተው፣ መንግሥተ ሰማያት ያለበትን አስቀርተው፣ ሲጨርሱ የቀራቸው አንድ መዝሙር ብቻ ሆነ። እሱኑ ደጋግመው ዘመሩ። አንዱ መሀል ላይ ድምፁ ሲሰበር «አቧራ ነው» ይላል፤ አስፋልት ላይ ናቸው።

ዳገቱ አጋማሽ ላይ አንዲት የገጠር ሴት ከነጀሪካኗ መንገድ ዳር ቆማ ለተጓዡ ሁሉ ውሃ ታድላለች። «ቢሻን ዱጋ፣ ጠጡ፣ ጠጡ» ትላለች። ሻሽ ጠምጥማለች፣ ሙስሊም ናት፤ ለገብርኤል መንገደኛ በየዓመቱ ውሃ ትሰጣለች አሉ። ዘነበች ስትጠጣ ሴትዮዋ ጀርባዋ ላይ ያለውን ጥቅል አየችና ጠየቀቻት።

«ለማን ነው?»

«ለልጄ» አለች ዘነበች።

«ደረሰልሽ?»

ዘነበች ጣሳውን እንደያዘች ቀረች። ከኋላዋ የሰው ትንፋሽ ሲቆም ታወቃት። «ደርሶላታል!» አለች ዲና፣ ቸኩላ፣ ድምፅዋ ከሚገባው በላይ ከፍ ብሎ። ሴትዮዋ «አልሐምዱሊላህ» ብላ የዘነበችን ትከሻ መታ መታ አደረገች። ዲና ከዚያ ወዲያ እስከ ዳገቱ ጫፍ ከንፈሯን ነክሳ ሄደች። ዘነበች አዘነችላት። ይህች ልጅ በእኔ ምክንያት በገብርኤል መንገድ ላይ ዋሸች፣ እያለች አሰበች። ንገሪያት፣ ገላግያት አላት ልቧ። አልገላገለቻትም።

ማደሪያቸው ላንጌ ሲደርሱ እግሯ ቆስሎ ነበር። ማኅበሩ የሚያድርበት አንድ ሰፊ አዳራሽ አለ፤ ጭድ ተጎዝጉዞ በላዩ ሰሌን ተነጥፏል። ዘነበች ጥጓን ይዛ ጫማዋን ለማውለቅ ስትታገል አንድ ሰው ሳፋ ይዞ ፊቷ ተንበረከከ። ቀና ስትል ኪዳነ ምሕረት ናት። ለብ ያለ ውሃ ነው፣ ጨው ጣል አድርጋበታለች።

«አምጪው እግርሽን» አለች።

«ተዪው፣ እኔው እታጠባለሁ።»

«አምጪው አልኩሽ እኮ።»

አጠበቻት። በጣቶቿ መሀል የገባውን አሸዋ እያወጣች፣ ቁስሉን እየዘለለች፣ ቀስ ብላ አጠበቻት። ከዚያ ቀና ሳትል «የውሃው ነገር፣ ያኔ፣ ወረፋው ያንቺ ነበር» አለች። «እያወቅኩ ነው የገፋሁሽ። ይቅር በዪኝ።»

ዘነበች ቁልቁል አየቻት። ይህች ሴት ልጄ ባይሞት ኖሮ እግሬን ባልነካችው ነበር፤ ይህን ታውቃለች። ይቅርታው ለእሷ ሳይሆን ለሐዘኗ የመጣ ነው፤ ይህንም ታውቃለች። ቢሆንም ያ እጅ ከእግሯ እንዳይነሣ ፈለገች። ውሃው እስኪቀዘቅዝ፣ እስኪመሽ፣ ሁልጊዜ እንዲቆይ ፈለገች። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች። ኪዳነ እግሯን በራሷ ነጠላ ጠረገችላት።

ያን ምሽት በኪዳነና በዲና መሀል አስተኟት። በአንድ ወገን የአንዷ ክርን ይነካታል፣ በሌላው የሌላዋ ትንፋሽ ይሰማታል፤ ወዲያ ማዶ ሽማግሌዎቹ ቀስ ብለው ዳዊት ይደግማሉ። ባሏ ከሞተ ወዲህ በሰው መሀል ተኝታ አታውቅም። ሰላም መጣላት። እንዲህ ያለ ነገር ሊመጣ አይገባም ነበር፣ ግን መጣላት። ልጄ አሸዋ ውስጥ ነው፣ እኔ እዚህ ሞቆኝ ተኝቻለሁ አለች በልቧ፤ ራሷንም ጠላች። ቢሆንም አልተነሣችም። ልጇን ከፍላ ያገኘችው ሙቀት ስለሆነ መጣል አልቻለችም።

እንቅልፍ ሊወስዳት ሲል የሙሴውን ድምፅ ሰማች። ከበሩ አጠገብ ቆመው ከአንድ ሽማግሌ ጋር በሹክሹክታ ይነጋገራሉ።

«ከንግሡ በኋላ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ተሳስቻለሁ» ይላሉ አቶ ወልደ ማርያም። «እዚያ እኮ ስለቱ በድምፅ ማጉያ ነው የሚነገረው። ሕዝቡ እልል ሊልላት ነው። ለሞተ ልጅ እናቱን አቁመን እልል ልናስብላት ነው። በታቦቱ ፊት ይህን ኃጢአት ማን ይሸከመዋል?»

«እንግዲያ ዛሬውኑ ይነገራት?»

«እዚህ ሜዳ ላይ? ከቤቷ ርቃ? እንዴት አድርገን?» አሉ። ሲያለቅሱ ተሰማት። ጠንካራ ሰው ነበሩ፤ የገዛ ሚስታቸውን ሲቀብሩ አላለቀሱም ይባላል።

ጠዋት ገና ሳይነሡ መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ። ዓይናቸው ቀልቷል።

«ዘነበች ልጄ፣ እግርሽ ቆስሏል። ከዚህ መኪና እናሳፍርሽና አረፍ በይ። ጥላውን ስጪኝ፣ በስምሽ እኔ አስገባለሁ። አንቺ ከሕዝቡ ግፊያ ራቅ ብለሽ ትሳለሚያለሽ።»

«ጋሽ ወልዴ፣ በእግሬ ብዬ ነው የተሳልኩት።»

«ገብርኤል ያውቃል፤ አይቀየምሽም።»

«እኔ እቀየመዋለሁ» አለች ዘነበች።

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት።  ጥላውን ራሳቸው አንሥተው ጀርባዋ ላይ አስተካከሉላት።

ኩሉቢ በሰው ተጥለቅልቃለች። ድንጋይ በትከሻው የተሸከመ አለ፣ በጉልበቱ የሚድኽ አለ፣ ክርስትና ሊያስነሣ ሕፃን ታቅፎ የሚጋፋ አለ። ዘነበች አለፈቻቸው። ምን ብላ እንደምትጠይቀው መንገዱን ሁሉ ስታወጣ ስታወርድ ነበር። ለምን ትላለች፤ የመሐሙድ እናት ምን ሰጥታህ ነው ትላለች፤ ከዚያ የመሐሙድን መትረፍ የተመቀኘች መሰላትና አፈረች። ደጀ ሰላሙ ሲታያት ያወጣችው ያወረደችው ሁሉ ጠፋባት። ማኅበርተኞቹ ከግራና ከቀኝ ከበቧት። አንዱም አልራቀም።

የስለት መቀበያው ዘንድ ጥላዎች ተከምረዋል። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ፣ ዘርፋቸው እርስ በርስ ተያይዟል። ያ ክምር ሁሉ የደረሰለት ሰው ነው። ድምፅ ማጉያ የያዘው ሰው ድምፁ ሻክሯል፣ ከጠዋት ጀምሮ እየጮኸ ነው፤ ተራዋ ሲደርስ ቀና ብሎ እንኳ አላያትም።

«የክርስትና ስም?»

«ወለተ ማርያም።»

«ከየት?»

«ከድሬዳዋ።»

«ለምን ጉዳይ?»

አቶ ወልደ ማርያም ከኋላዋ ተንጠራርተው «ለጤና ነው በል ወንድሜ፣ ለጤና በል» አሉ። በጫጫታው አልሰማቸውም።

«ለልጄ ነበር» አለች ዘነበች። «ባሕር እንዲያሻግርልኝ።»

ሰውየው ቀሪውን አልጠበቀም። ለእሱ ይበቃዋል፤ የለመደው ነው። ማጉያውን ወደ አፉ አስጠጋ። «እኅታችን ወለተ ማርያም ከድሬዳዋ! ስለታቸው ሰምሮላቸው፣ ቅዱስ ገብርኤል ልጃቸውን ከባሕር አውጥቶላቸው ጥላ አስገብተዋል! እልል በሉ!»

«አላወጣውም» አለች ዘነበች።

እልልታው ሸፈናት። ከአጥሩ ጥግ እስከ ኮረብታው ድረስ፣ የማታውቀው ሕዝብ ሁሉ ለግሩም እልል አለ። ለሞተ ልጇ። ሴቶች እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተዋል፤ አንዲት አሮጊት የደስታ እንባ ያለቅሳሉ። አንድ ዲያቆን ጥላውን ከእጇ ተቀበለና ከክምሩ ላይ ጣለው። ከሌሎቹ መለየት አልቻለችም።

ያኔ ዞራ አየቻቸው። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል እልል ያላለ የእሷ ማኅበር ብቻ ነበር። አቶ ወልደ ማርያም፣ ኪዳነ፣ ዲና፣ ሌሎቹም፣ ነጭ እንደለበሱ፣ አፋቸውን ገጥመው፣ ወደ መሬት እያዩ ቆመዋል። አንዳቸውም ስለ ሰው ዓይን ብለው እንኳ አላስመሰሉም። ይሄኔ የማን እንደሆነች አወቀች። ገብርኤልን ልትጠይቀው የመጣችው ነገር መልስ አላገኘም፤ ዛሬም አላገኘም። ያገኘችው እነዚህን ዝም ያሉ ሰዎች ነው።

«ጋሽ ወልዴ» አለች፣ እልልታው ሲቀንስ። «ልጄ ሞቷል።»

ሽማግሌው በዱላቸው ተደገፉ። «ማን ነገረሽ?»

«ቱሪያ። የዚያኑ ዕለት።»

«ይህን ሁሉ መንገድ እያወቅሽ ነው የመጣሽው?»

«እናንተስ?»

 ለመርዶ የሚሆን ሰዓትም፣ ቦታም፣ ቃልም አልቀራቸውም፤ መርዶ ሊነገራት የነበረች ሴት እነሱኑ አረዳቻቸው። ዲና ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። ኪዳነ ግን አላለቀሰችም። ሰው ከሚረግጠው ፈንጠር አድርጋ ዘነበችን ከአንድ ድንጋይ ላይ አስቀመጠቻት። ከዚያ የራሷን ስንቅ መያዣ ፈታች። ዳቦውን አወጣች፣ ቆሎውን አወጣች፣ ከሥር ተጣጥፎ የተቀመጠ ጥቁር ሻሽ አወጣች።

«ከድሬ ይዤው ነው የመጣሁት» አለች። «መንገድ ላይ ከሰማሽ ብዬ።»

ዘነበች ሻሹን አየችው። እሷ ለልጇ ቀይ ጥላ ተሸክማ ያን ዳገት ስትወጣ፣ ኪዳነ ከኋላዋ ይህን ተሸክማላት ትወጣ ነበር። አንገቷን ዝቅ አደረገች። ኪዳነ ነጩን ሻሽ ከዘነበች ራስ ላይ አንሥታ ጥቁሩን አሠረችላት፣ ነጠላዋን አዘቀዘቀችላት። እስካሁን አልጮኸችም። መጮህ ፈለገች፣ ግን ብዙ ይዛው ስለቆየች እንዴት እንደሚጮህ ጠፋባት።

ዲና ስልኩን አውጥታ ከፈተችና በሁለት እጇ ሰጠቻት። «ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ» አለች። ዘነበች ስልኩን ተቀበለች። የግሩምን ድምፅ ልትከፍት አሰበች፤ አልደፈረችም። ወደ ቱሪያ ደወለች። ቱሪያ ሳይጠራ አነሣችው፤ ስልኩን በእጇ ይዛ ተቀምጣ ሳይሆን አይቀርም።

«ደረስሽ?»

«ደርሻለሁ። ነግሬያቸዋለሁ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ከመሐላው ወጥተሻል።»

 ከቱሪያ በስተጀርባ የኒሟ ወፎች፣ ከመንገዱ የሚያልፍ ባጃጅ፣ የሆነ ሰው በረንዳ የሚጠርግበት ድምፅ ይሰማል። ግቢው አሁንም ምንም እንዳልሆነ ግቢ ነው።

«ድንኳኑ ይተከል?» አለች ቱሪያ።

«ይተከል።»

ከዚያ ስልኩ ውስጥ አንድ ነገር ተቀደደ። ቱሪያ ጮኸች። ለሞተ መጮህ ሐራም ነው ስትል የኖረችው፣ መርዶ የማታውቅበት ቱሪያ፣ ከመሐሙድ ስልክ ጀምራ አፍና የያዘችውን ጩኸት ለቀቀችው። «ግሩሜ!» አለች፣ «ልጄ! ጡቴን የጠባኸው ልጄ!» በሮች ሲከፈቱ ተሰማ፣ ሴቶች ሲሮጡ ተሰማ፣ ከግቢው ውጪ ሌላ ሴት ተቀበለቻት። ለግሩም መጀመሪያ የተጮኸው እዚያ፣ ባደገበት ግቢ፣ ኒሟ ሥር ነው።

ዘነበች ስልኩን ከጆሮዋ አላነሣችም። እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያ በኪዳነ ጉልበት ላይ ተደፍታ እሷም ጮኸች፣ ማኅበሩም ዙሪያዋን መሬት ላይ ተቀመጠ።